ኧረ የሰው ያለህ፣ ትራክ ዘጠኝ

ባለፈው ክረምት አቃቂ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ ነገር አየሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «አልሰማህም ልጄ! ጮክ በል! አልሰማህም!» ይላሉ። አጠገባችን የቆመ ከባድ መኪና ሞተሩን አላጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከኋላዬ አንድ ሰው ከሰልፉ ወጣ። ጥቁር ካናቴራ ለብሷል፤ ካናቴራው ላይ የራስ ቅል ይስቃል፤ አንገቱ ላይ ውሻ የሚታሰርበት ዓይነት ሰንሰለት አለ። ትልቁን የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና ስልካቸው ላይ ሰክቶ ከነሻሻቸው እንደ ዘውድ ደፋላቸው። «አሁን ያውሩ፣ እማማ» አላቸው።

የእናትየው ፊት በራ። ወሬው ግን ረዘመ። የኔም የሰውየውም ተራ ደረሰ፤ እኔም እነሱን ሳይ ሳልሳፈር ቀረሁ፣ ታክሲው ሞላ፣ ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። እሱ ገመዱ እንዳይሳብባቸው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ዘወር ሲል አወቅሁት፤ የጎረቤቴ ልጅ ተስፋሚካኤል ነው።

ስለዚህ ሰው ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። በአገራችን ውኃ የሌለው ሰፈር አለ፤ አስፋልት የሌለው ሰፈር አለ፤ አልበሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ብቻ የቀረው ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። እናንተም ሰፈር አለ። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ሊለቀቅ ነው» ብሎ የሚመልሰው እሱ ነው። መንገድ ላይ ያስቆማችኋል፤ «አንድ ነገር ላሰማዎት» ይላል፤ ቲማቲም በያዘ እጃችሁ ማዳመጫ ያስይዛችኋል። ሁለት ሳምንቱ ደግሞ እንደ ሰማይ ዳርቻ ነው፤ ሲቀርቡት ይሸሻል። የኛው ሁለት ሳምንት ዘንድሮ አራተኛ ዓመቱን ይዟል።

የኛው ከሁሉም ይለያል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክቡር አርቲስት ተስፋሚካኤል በሙያው በያጅ፣ በዕድሜው ሠላሳ አንድ፣ በመድረክ ስሙ «ጭራቁ» ነው። እናቱ እትዬ ወለተሥላሴ ለመልአኩ ተስለው የወለዱት ልጅ ራሱን ጭራቅ ብሎ ሲሰይም ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሱም ይባላል። አልበሙ ከአስፈሪ ፊልሞች የተቀዳ ራፕ ነው። ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት ተደብቆ ያየው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። ፊልሙን በአማርኛ የሚያስረዳው የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ በማይክራፎን «አሁን ቁም ሳጥኑን ልትከፍት ነው፤ ባትከፍተው ይሻላት ነበር» ይል እንደነበር እስከ ዛሬ በተርጓሚው ድምፅ እየነገረን ያስፈራናል።

«ኤክስፐሪመንታል ነው፣ ጋሼ» አለኝ አንድ ቀን።

«ምን ማለት ነው?»

«ማንም ያልሞከረው ማለት ነው።»

«ለምን አልሞከሩትም?»

ትንሽ አሰበ። «እሱን እኔም እያጣራሁ ነው።»

ስቱዲዮው የእናቱ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ስፖንጅ ተለብጧል። ከዚያች ክፍል የማይወጣ ድምፅ የለም። ብረት መቁረጫውን አስጩሆ ቀርጿል። የመብራት ቆጣሪ ካርዱ ሊያልቅ ሲል የሚያሰማውን ጢት ጢት ቀርጾ ትራክ ሦስት አድርጎታል፤ እውነት ለመናገር ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። የኔን የግቢ በር ደግሞ ትራክ አምስት ላይ አስገብቶታል። ዘይት ልቀባው ስነሣ እየሮጠ መጣ፤ «ጋሼ! እንዳይነኩት! እንደዚህ ሲጢጥ የሚል በር አዲስ አበባ ውስጥ የለም!» ይኸው አራት ወር ሙሉ አልቀባሁትም። ባለቤቴ አስቴር በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «ጭራቁ መጣ» ትለኝ ጀመር። ግጥሙም እንዲህ ይላል፦

በሩ ሲጢጥ አለ፤ ማን ገባ? ማንም።
አልጋው ሲጢጥ አለ፤ ማን ተኛ? ማንም።
ጥላዬን ጠራሁት፤ እሱም አልመጣም።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጸሎት ያስፈልግሃል» አልኩት።

«ይሄ ገና ኢንትሮው ነው!» አለ ደስ ብሎት። ለማንኛውም ነገር መልሱ ይኸው ነው፤ ሁሉም ገና መግቢያ ነው። ዝናብ ቢዘንብ ኢንትሮ ነው፤ ብየዳ ቤት አለቃው ቢቆጣው ኢንትሮ ነው።

ለጥናት ብሎ ሰፈሩን ሁሉ «ምን ያስፈራዎታል?» እያለ ጠይቋል። ባለ ሱቁ ሻፊ «በጠዋት በሁለት መቶ ብር አንድ ክብሪት የሚገዛ ሰው» አለው። እኔ «እግዚአብሔርን ነው የምፈራው» አልኩት። «እሱማ ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለ በአክብሮት፤ «ግን ቢት አይወጣለትም።»

ይህ ሁሉ ከትራክ ዘጠኝ በፊት ነው።

ትራክ ዘጠኝ የሴት ጩኸት ይፈልጋል። ፊልሞቹ ላይ እንደሚሰማው ቃል የሌለው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጩኸት። ለዚህም ጸጉር ቤት የምትሠራውን ልዕልትን ለመናት፤ ድምፅዋ ሦስቱም የጸጉር ማድረቂያ ካስኮች እየሠሩ ደንበኛ ከመንገድ የሚጠራ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማይክራፎን ፊት አቆማት። «አስቢ፤ ጭራቅ ከኋላሽ ነው፤ ‹አአአአ› በይ» አላት። ሞከረች፤ የጥርስ ሐኪም ቤት መሰለ። «ከልብሽ!» አላት። ልዕልትም ዓይኗን ጨፍና፣ ከልቧ፣ እንዲህ አለች፦

«ኡኡ! ኡኡ! ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ የመንደር ያለህ!»

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የፈረንጅ ጩኸት ዝም ብሎ ጩኸት ነው፤ የኛ ኡኡታ ግን አድራሻ አለው። ሰው ይጠራል። ሰውም መጣ።

መጀመሪያ የደረሰው ሻፊ ነው፤ የሁለት ኪሎ ሚዛን ድንጋይ ጨብጧል። «ኤሌክትሪክ ይዟት ነው!» ብሎ የቆጣሪውን ማጥፊያ አወረደው። ቀጥሎ ጋሽ አጥናፉ፣ የእድራችን ዳኛ፣ በከዘራቸው በሩን ገነደሱት። ሁለት ሴቶች ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጡሩምባውን አፉ አጠገብ አድርጎ «የማን ስም ልጥራ?» ይላል። የባጃጅ ሾፌር ሞተር አስነሥቶ «ወደየትኛው ሆስፒታል?» ይላል። እኔም ነበርኩ። የያዝኩትን ልናገር? ጃንጥላ።

«ማነው የሞተው?» አሉ ጋሽ አጥናፉ።

«እስካሁን ማንም» አለ ጭራቁ።

ልዕልት ዓይኗን ስትገልጥ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው፣ ከዘራና የሚዛን ድንጋይ አየች። ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት፣ ቃል የሌለው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ነበር። ክቡር አርቲስቱ እንባ አቀረሩ፤ መብራት ጠፍቷል፤ አልተቀረጸም።

እትዬ ወለተሥላሴ ከማኅበር ቤት በአንድ እግር ጫማ ሮጠው ደረሱ። ልጃቸውን ከራሱ እስከ እግሩ እንደጎደለ ዕቃ ዳሰሱት። ሙሉ መሆኑን ሲያረጋግጡ ጫማቸውን አወለቁና ጀርባውን ዠለጡት።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ጋሽ አጥናፉ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ፤ ሲናገሩ አሁንም ከማሽን ድምፅ በላይ ነው።

«አስረዳን» አሉት።

«ፊልሙ ላይ ልጅቷ ትጮኻለች፤ ማንም አይመጣም። የሚያስፈራው እሱ ነው» አለ ተስፋሚካኤል።

«ጎረቤት የላትም?»

«አላት።»

«ታዲያ?»

«አይመጡም።»

«ምን ዓይነት እድር ነው ያላቸው?»

«እድር የላቸውም፣ ጋሼ።»

አዳራሹ በሙሉ «ኧረ እመብርሃን!» አለ። ለእውነት ያህል፣ በአራት ዓመት ውስጥ ሕዝብ ያስፈራው በዚህች መልሱ ብቻ ነው።

ጋሽ አጥናፉ ግን በዚህ አልተመለሱም። «ኡኡታ የግል አይደለም፤ የጋራ ነው» አሉ። «ዛሬ በውሸት ሮጥን። ነገ በውሸት እንሮጣለን። ከነገ ወዲያ እውነት ሲሆን ‹ያ ልጅ ነው› ብለን እንተኛለን። ያን ቀን የሚሞተው ሰው ደሙ በማን ላይ ነው?» ውሳኔውም ተጻፈ፤ የጻፍኩት በዚህች እጄ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሁለተኛ የሐሰት ኡኡታ ቢሰማ የእናቱ ስም ከእድሩ መዝገብ ይሰረዛል።

እትዬ ወለተሥላሴ ሠላሳ አንድ ዓመት በእድሩ ቆይተዋል። ያልቆሙበት ለቅሶ፣ ያላጠቡት ድስት የለም። ስንወጣ ልጃቸውን «ስሞት ማን ሊሸኘኝ ነው፣ ሚካኤሌ?» ሲሉት ሰማሁ። ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ቁጣ እንኳ የለበትም። የጭራቁ ፊት አመድ መሰለ።

ስቱዲዮው ተቆለፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ ጸጥ አለ። ተመስገን፣ አሁን በሰላም አነባለሁ ብዬ ነበር፤ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩት። ሻፊ «ያ ሰውዬ ታመመ እንዴ?» እያለ ይጠይቀኛል። ጋሽ አጥናፉ ሳይቀሩ በስቱዲዮው በኩል ሲያልፉ እርምጃቸውን ቀነስ ያደርጋሉ።

ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ተስፋሚካኤልን የግቢዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ‹በሰፈሩ ውስጥ› ነው የሚለው ወይስ ‹በየትም›?»

«ምን አደረግህ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ይንገሩኝ።»

መዝገቡን አወጣሁ። «በሰፈሩ ውስጥ» ይላል። በጣቱ ቃሉን ነካው፤ እንደገናም ነካው፤ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አለና ነገረኝ።

እህቱ እየሩሳሌም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። እሷ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ትናንት ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቁልፏን ተቀብሎ ትራክ ዘጠኝን ሊጨርስ ገባ። ልዕልት ሁለተኛ አልጮኽም ስላለች ራሱ ነው የጮኸው። መስኮቱን ከፍቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከልቡ።

«ይስሙት» አለኝና የቀረጸውን በስልኩ ከፈተልኝ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ይላል፤ ድምፁ ደረጃው ላይ ይንከባለላል። ከዚያ ዝም። «ኧረ የመንደር ያለህ!» ዝም። በሦስተኛው ላይ የሆነ ቤት ቴሌቪዥኑ ከፍ ሲል ይሰማል። ደረጃ ሲወጣ የነበረ እግር ቆመ፤ ከዚያ ፈጥኖ ወረደ። አንድ ሕፃን «እማዬ፣ ምንድነው?» አለ። «ምንም አይደለም፣ ብላ» አለች እናት። ቀጥሎ ረጅም ዝምታ ነው፤ በአራተኛው ደቂቃ ላይ የሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። አይተዋወቁም፤ ገና አብረው አልቀበሩም፣ አብረው አልዳሩም። የምትወደውን ልጅ ይዘህ ያን ድምፅ ስትሰማ በርህን ትቆልፋለህ፤ እኔም እቆልፍ ይሆናል። ነገር ግን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብዬ በረደኝ። አራት ዓመት ስቄበታለሁ፤ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

«አገኘኸው» አልኩት። «ይሄ ነው ያልከው።»

«አዎ፣ አገኘሁት።» ስልኩን ኪሱ ከተተ። «አልበሙ አለቀ፣ ጋሼ። አሁን ልልቀቀው ብል እችላለሁ። ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። እየሩስ ምጥ ቢመጣባት የምትጮኸው እዚያው በር ላይ ነው።»

የግቢዬን በር ነፋስ ገፍቶት ሲጢጥ ሲል እንኳ ቀና አላለም። በኋላ ካናቴራውን ጎተት አድርጎ ተነሣ፤ አንገቱን አቀረቀረ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ለትልቅ ሰው እንደሚቆም ልጅ ቆመ።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎት፣ ጋሼ። የእድር መተዳደሪያ ደንብ እንዴት እንደሚጻፍ እርስዎ ያውቃሉ። ለእሷ ብሎክ አንድ ይጻፉልኝ። አሥራ ስምንት አባወራ ነው፤ አጭር ይሁን፤ ኡኡታ የሰማ በሩን ይክፈት የሚለው ከላይ ይግባ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ አብረውኝ ይምጡ፤ በየቤቱ እናንኳኳለን። ብቻዬን ብሄድ አይከፍቱልኝም፤ ‹ያ ሲጮኽ የነበረው ሰውዬ ነው› ይሉኛል።»