ቀስ በሉ፣ ተኝታለች

በየሰፈሩ፣ የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር የሰውን እንቅልፍ እንደ ግል ጠላቱ የሚያሳድድ አንድ ሰው አይጠፋም። የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ነገውኑ ጓዜን ጠቅልዬ እገባለሁ።

የእኛው ክቡርነታቸው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት፣ የሚስቴ አጎት፣ በዚያ ላይ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ "ጋሽ ብርዱ" ይላቸዋል። ገና ጎህ ሲቀድ በራችንን ይደበድባሉ።

"ተነስ እንጂ! መናፈሻው ተከፍቷል!"

"ጋሼ፣ ውጭው ውርጭ ነው እኮ።"

"ብርድ ወሬ ነው!"

ይህን የሚሉት ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርትና የሟች ባለቤታቸውን ሻርፕ ደራርበው ነው። ብርድ ልብሴን ወደ ጆሮዬ ስስብ ሚስቴ በክርኗ ትጎሽመኛለች። "ብቻቸውን ይሂዱ እንዴ? ትንሽ አታፍርም?" እሷ ግን ከአልጋ አትወርድም።

ጋሽ ብርዱ መናፈሻ ውስጥ እንደ ሰው አይሄዱም፤ እንደ ሹም ይጎበኛሉ። ኩሬው ዳር ቆመው የዳክዬዎቹን ደህንነት በየተራ ይጠይቃሉ። የደረቀ ሣር ሲያዩ "ይህን ውበት ተኝተህ ልታሳልፈው ነበር!" ብለው ይቆጡኛል። "አየር ሳብ!" ይሉኛል። እስባለሁ። "ከልብህ ሳብ!" በብርዱ አፍንጫዬ የት እንዳለ ከጠፋኝ ቆይቷል።

ጉብኝቱ የሚያበቃው ከኩሬው ማዶ፣ ቅጠል የሚባል ያልቀረላት አንዲት ዛፍ ጋ ነው። እዚያ ሲደርሱ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። "ቀስ! ተኝታለች።" በእግራችን ጣት እየረገጥን እናልፋለን። ከኋላችን የሚመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ምክንያቱ ሳይገባቸው በእግር ጣታቸው ሲያልፉ በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ቀን አትክልተኛው መጣና "አባባ፣ ይህቺ እኮ ደርቃለች። ሰሞኑን እንቆርጣታለን" አላቸው።

"አንተስ ሌሊት ሌሊት ትተኛ የለ? ማን መጥቶ ቆረጠህ?" አሉት።

ባለፈው ሳምንት በራችን ሳይደበደብ ነጋ። ያ ወሬ ነው የተባለው ብርድ ጋሽ ብርዱን አልጋ ላይ ጥሏቸዋል። ይኸው ነጻ ወጣሁ፣ እስኪበቃኝ ልተኛ ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እያጉረመረምኩ ተነስቼ ብቻዬን ሄድኩ። ዳክዬዎቹን ደህና ናችሁ ወይ የሚል አልነበረም። ምን እደብቃለሁ፣ ናፈቁኝ።

ከኩሬው ማዶ ስደርስ አትክልተኛው መጋዝ ይዞ ዛፏ ሥር ቆሟል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሮጬ ሄጄ ግንዷ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ተኝታለች!" ብዬ ጮህኩ።

"ጌታዬ፣ ደርቃለች እኮ!"

"ወሬ ነው! ብርዱ ይለፍና እናያለን!" ጥርሴ ይንገጫገጫል።

አትክልተኛው ግራ ቀኝ ተመለከተ። ከእብድ ጋር ሲጨቃጨቅ እንዳይታይ የፈራ መሰለኝ። "እሺ፣ ብርዱ እስኪያልፍ" አለና መጋዙን ይዞ ሄደ።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ብርዱ ቤት ሄድኩ። ከተከመረባቸው ብርድ ልብስ ሥር ዓይናቸውን ብቻ ብቅ አደረጉ።

"እንዴት ናት?"

"ተኝታለች፣ ጋሼ።"

"ቀስ ብለህ ነው ያለፍከው?"

ጆሮዋ ሥር እንደጮህኩባት ለመናገር አልደፈርኩም። "በእግሬ ጣት" አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ከክፍሉ የወጣሁት በእግሬ ጣት ነው።