ወይዘሮ የሺሃረግ እና ዝም ያለው ጎረቤት

በየሰፈሩ፣ ሌላው ሰው ዝም ሲል እሱን የሚያመው አንድ ሰው አለ። እናንተም ሰፈር አይጠፋም። ትንሽ ከተከዛችሁ «ምነው?» ይላችኋል። «ምንም» ካላችሁት ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ብትስቁም አላመለጣችሁም፤ «የውስጡን በውስጡ ይዞ እኮ ነው የሚስቀው» ብሎ ለሦስተኛ ሰው ያዝንላችኋል። እንዲህ ያለው ሰው ሹመት የለው፣ ደመወዝ የለው፤ ሥራውን ግን አንድም ቀን አያስታጉልም።

በሚዛን ተፈሪ፣ አሞጽ በሚኖርበት ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክብርት ወይዘሮ የሺሃረግ ናቸው። በደጃቸው ጥምዝና ኮረሪማ ይሸጣሉ፤ ቅመሙ ግን ሰበብ ነው። ዋናው ሥራቸው አላፊ አግዳሚውን መመርመር ነው። ወባን ከዐይን፣ ታይፎይድን ከአረማመድ፣ የትዳር ጠብን ከሰላምታ አሰጣጥ ይለያሉ። «እኔን አትደብቁኝ» ይላሉ፤ የሚደብቃቸውም እምብዛም አልነበረም።

አሞጽ ግን የሚደብቀው ነገር ነበረው።

ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ላጤ ነው፤ በአንድ የቡና መፈልፈያ ውስጥ ማሽን ያንቀሳቅሳል። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ስለሚውል፣ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ካወለቀም በኋላ ጆሮው ውስጥ መፈልፈሉ አይቆምም ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ለዚህ መላ ሲፈልግ፣ ስልኩ ላይ ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ አንድ መነኩሴ ስለ እስትንፋስ ሲያስተምሩ አገኘ። እሳቸው እንዳሉት ተቀምጦ እስትንፋሱን መከታተል ጀመረ። ጩኸቱ ቀነሰለት። ከዚያ ትምህርቱን አንድ በአንድ እያዳመጠ፣ ሳያስበው የቡድሃን መንገድ የሚከተል ሰው ሆኖ ተገኘ።

መንገዱ ላይ ግን ብቻውን ነበር። ከሚዛን እስከ ቴፒ፣ ከቴፒ እስከ ቱም ቢያስብ ቢያሰላስል፣ ይህን ነገር የሚያወራው አንድ ሰው አልመጣለትም። እንዳይጠይቅም ይፈራል፤ እናቱ ሸዋ ቤንች ውስጥ በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት የሚያገለግሉ ሰው ናቸው። ብቻውን ጀመረ፤ ብቻውን ተወው፤ እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተወው። አይዞህ ባይ የሌለው ሰው ራሱን በራሱ ማበርታት ይሰለቸዋል።

በመጨረሻ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን አገኘ። ከእሱ ጋር አሥራ አራት ሰዎች ናቸው። የሚመሩት ኮሎምቦ የሚኖሩ፣ ሱጃታ የሚባሉ ጡረተኛ ነርስ ናቸው። አንዱ የካምፓላ ታክሲ ነጂ ነው፤ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ ቀበቶውን እንኳ ሳይፈታ ዐይኑን ይጨፍናል። ሞምባሳ ያለችው አስተማሪ ጭን ላይ ሁልጊዜ ድመት አለች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካሜራቸውን ከፍተው ግማሽ ሰዓት አብረው ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ አሞጽ ወባ ጥሎት ሁለት ሳምንት ቢጠፋ፣ ሱጃታ በየቀኑ «ዛሬስ እንዴት ነህ?» እያሉ ጻፉለት። ያን ጊዜ አልቅሷል። በዚያው ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሾርባ ይዘው የመጡት ወይዘሮ የሺሃረግ መሆናቸውን ግን ልብ አላለውም።

ቡድኑ በዓመት አንድ ጊዜ አሥር ቀን በተከታታይ ይቀመጣል። አንድም ቀን ያላጓደለ፣ በአሥረኛው ቀን በሁሉም ፊት አምስት ቃል ይገባል። ባለፈው ዓመት ስምንተኛው ቀን ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ አሞጽ ቀረ። ሱጃታ «ፈተና አይደለም እኮ» ብለው አጽናኑት፤ እሱ ግን ፈተና እንደወደቀ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ከረመ። ዘንድሮ ቆርጦ ተነሣ። አንድ ጊዜ፣ ሰው እየሰማው፣ ቃሉን መስጠት ፈለገ። ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ የሺሃረግ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ ማልደው መጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሲያደርጉት፣ አሞጽ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ እግሩን አጣጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ስልኩ ጀሪካን ተደግፎ ቆሟል።

«አሞጼ?»

ዝም።

«አሞጼ! ምን ሆንክብኝ?»

በዝምታው ሰዓት አይወራም። ወይዘሮ የሺሃረግ ወንፊቱን ጥለው ተንበረከኩና እጃቸውን ግንባሩ ላይ ጫኑ። አልበቃቸውም፤ አንገቱን ዳሰሱ። እሱም አልበቃቸውም፤ የዐይኑን ቆብ ወደ ታች ጎተት አድርገው ደም አንሶት እንደሆነ አዩ። ይህ ሁሉ የሆነው አሥራ ሦስት ሰዎች በካሜራ እያዩ ነው። በኋላ ሱጃታ «የመጡት ሐኪም ጥንቁቅ ናቸው» ብለው ጻፉለት።

በሦስተኛው ቀን የተፈላ ዝንጅብል ይዘው መጡ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ የሰውነት አለመሆኑን ደረሱበት፤ ዐይኑን እስኪገልጥም ጠብቀው ያዙት።

«እኔን አትደብቀኝ። ማናት?»

«ማንም የለችም፣ እትዬ።»

«ይኸው! እሱ ነዋ ችግሩ!»

በአምስተኛው ቀን ግን የስልኩን ስክሪን አዩ። አንገታቸውን የደፉ፣ አንድም ቃል የማይተነፍሱ ሰዎች ተደርድረዋል፤ መሐላቸው ነጭ የለበሱ አሮጊት አሉ። ወይዘሮ የሺሃረግ ብዙ ለቅሶ የደረሱ ሰው ናቸው። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያልተላጨ ጢም ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስተምራቸውም። ዘመድ በያለበት ሆኖ በስልክ እንደሚላቀስም፣ ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው የሐያት አጎት ያረፉ ጊዜ በዐይናቸው አይተዋል። አሞጽ ደግሞ ቤሩት ለሥራ የሄደች እኅት አለችው፤ ማራናታ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ምስኪኑ መርዶውን በስልክ ሰምቶ፣ ሰፈሩን እንዳላስቸግር ብሎ ሐዘኑን ብቻውን ተቀምጧል። እድር እያለ! የሺሃረግ በሕይወት እያሉ!

በስድስተኛው ቀን የዝምታው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። አሞጽ በልቡ «ማን ይሆን? ነፍስ ይማር» አለና ወደ እስትንፋሱ ተመለሰ። ዐይኑን ገልጦ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነው። የዚያ ሰፈር እድር ሲፈልግ በጣም ፈጣን ነው። አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሐያት ጥቁር ሻሽ አስራ መጥታለች፤ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ኢሳይያስ ኮታቸውን ደርበው ቆመዋል። ወይዘሮ የሺሃረግ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ።

«ወይኔ ማራናታዬ! በሰው አገር ቀረሽ!»

«ማራናታ ምን ሆነች?» ብሎ አሞጽ ጮኸ። ስድስት ቀን ሲያረጋጋው የከረመው እስትንፋስ በአንዴ የት እንደገባ አልታወቀም። ስልኩን አንሥቶ ደወለላት።

«ምነው በጠዋቱ? ሥራ ላይ ነኝ» አለች ማራናታ።

ስልኩን ወደ ድንኳኑ አዞረላት። እኅቱ የራሷን ለቅሶ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተች።

«ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ ሰው?» አለች። ትንሽ ቆይታም «ሐያት እንኳ ሱቋን ዘግታ መጣች?» አለች። ደስ ያላት ትመስል ነበር።

ከዚህ በኋላ መደበቅ የለም። አቶ ኢሳይያስ «ታዲያ እነዚያ አንገታቸውን የደፉት እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ፤ አሞጽም ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ከጆሮው ጩኸት ጀምሮ እስከ ሱጃታ ድረስ ተናገረ። ዛሬ ካገሬ ሰው ተቆረጥኩ ብሎ ነው የተናገረው።

አቶ ኢሳይያስ ጡረታ የወጡ መምህርና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። «ቃሎቹ ምን ምን ናቸው?» አሉ።

«ነፍስ አለማጥፋት፣ ያልተሰጠኝን አለመውሰድ፣ በሴት ጉዳይ አለመበደል፣ አለመዋሸት፣ አለመስከር።»

«ይሄንንማ እኛም ስንነግርህ ነው ያደግኸው። መንገድህ ግን ያሳዝነኛል፤ አልዋሽህም። እጸልይልሃለሁ።»

«ይጸልዩልኝ፣ ጋሼ» አለ አሞጽ፤ ከልቡ ነበር።

«ለእናትህ ደግሞ ራስህ ንገራት። ከእኛ እንዳትሰማ።»

ወይዘሮ የሺሃረግን ያስከፋቸው ግን ሃይማኖቱ አልነበረም። ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቡ ቆሙ።

«ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ዝም ትላለህ? እኛ እዚህ እያለን?»

«ዝም ማለት እኮ ነው፣ እትዬ።»

«እና እኛ አፋችን አይዘጋም?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደ መሬት ተመለከተ።

ከሰባተኛው ቀን ጀምሮ ወይዘሮ የሺሃረግ ራሳቸውን የበሩ ጠባቂ አድርገው ሾሙ። በርጩማቸውን ይዘው ደጁ ላይ ይቀመጣሉ። ባጃጅ ሲመጣ ተነሥተው «አጥፋው! ሰው ዝም እያለ ነው!» ይላሉ። አውራ ዶሮ ሲጮህ ከዶሮው በላይ ጮኸው ያባርራሉ። ከቡድኑ አንዱ «እዚያ ሰፈር በጠዋት ሰልፍ አለ እንዴ?» ብሎ እስከ መጠየቅ ደረሰ። አሞጽ ሰባተኛውንም፣ ስምንተኛውንም፣ ዘጠነኛውንም ቀን ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ።

በአሥረኛው ቀን የሚዛን ዝናብ ከሌሊት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አነጋ። መብራት የለም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኔትወርኩም ጠፋ። አሞጽ ስልኩን ወደ መስኮት ወሰደው፤ ወደ በር ወሰደው፤ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘው። ምንም። ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ወይዘሮ የሺሃረግ ከነጃንጥላቸው ገቡ።

«ዛሬ ዝም አትልም እንዴ?»

«ጠፋ፣ እትዬ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ… አሁን ማን ይሰማኛል?»

ወይዘሮ የሺሃረግ ስልኩን አዩት፤ እሱን አዩት።

«እነዚያ ሰዎች ቢኖሩ ምን ያደርጉልህ ነበር?»

«አብረውኝ ይቀመጡ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ቃሌን ይሰሙ ነበር። ሌላ ምንም።»

«ይሄ ነው?» ብለው ወጡ። ጭቃውን እየረገጡ ሲሄዱ «ሐያት! ጋሽ ኢሳይያስ! ኑ፣ ልጁ ሰው አጥቷል!» የሚለው ድምፃቸው በዝናቡ ውስጥ ተሰማ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሐያት ፍራሹ ጥግ ላይ፣ አቶ ኢሳይያስ የወይዘሮ የሺሃረግ በርጩማ ላይ፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ከአሞጽ ጎን ተቀምጠው ነበር። እንዴት እንደሚቀመጡ ማንም አላስረዳቸውም። የተጎዳ ሰው አጠገብ ምንም ሳይሉ መቀመጥን በየለቅሶ ቤቱ ሲለማመዱት የኖሩ ሰዎች ናቸው። አቶ ኢሳይያስ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው። ወይዘሮ የሺሃረግ አራት ጊዜ አፋቸውን ከፍተው አራት ጊዜ ዘጉት። በሃያኛው ደቂቃ ላይ ለሐያት «እግሬ ደነዘዘ» ብለው አንሾካሾኩ። በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ዝም ብለው አያውቁም፤ ለማን ሲሉ እንደሆነም አሞጽ ያውቃል። እስትንፋሱን መከታተል አቅቶት ዕንባውን ይውጥ ነበር።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረ።

«ነፍስ አላጠፋም።»

«ዶሮስ?» አሉ ወይዘሮ የሺሃረግ።

«እትዬ!»

«መጠየቅ ነው። ቀጥል።»

ቀጠለ። አምስተኛውን ሲጨርስ ሐያት «አላህ ያግዝህ» አለችው፤ አቶ ኢሳይያስም እጁን ጨበጡት።

ኔትወርኩ የተመለሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አሞጽ የሆነውን ሁሉ ለቡድኑ ጻፈ፤ ይቆጠርልኝ ይሆን ብሎ ለመጠየቅ ግን አፈረ። ሱጃታ ሳይጠየቁ መለሱ። «ቃል የሚፈልገው የሚሰማ ሰው ነው። አንተ ሦስት ነበሩህ። እግራቸው ደንዝዞም ሳይነሡ የሰሙህ እነዚያ ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ከእኛ ጋር ይቀመጡ ይሆን? ዝምታውን ይችሉታል?»

ከአጥር ማዶ ወይዘሮ የሺሃረግ ያመለጣቸውን የግማሽ ሰዓት ወሬ በአንዴ ለሰፈሩ እያካካሱ ነው። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሸሽተዋል። አሞጽ ጥቂት አዳመጣቸው። አልዋሽም ብሎ ቃል ከገባ ገና አንድ ሰዓቱ ስለሆነ እውነቱን ጻፈ።

«ይመጣሉ። ዝምታውን አይችሉትም። እሳቸው ከሌሉ ግን እኔም አልቀመጥም።»