የእትዬ አበሩ ኮምፒውተር ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ኮምፒውተር የሚያረጀው ዕድሜው ሲገፋ እንዳይመስላችሁ። የሚያረጀው ባለቤቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዘመድ ያገኘ ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ የነበረው ሁሉ ጠባይ ይባላል። "ጠዋት ጠዋት ይከብደዋል" ይባልለታል፣ እንደ አዛውንት። ዘመድ ከግቢ ብቅ ሲል ግን "እስኪ አንቺ እዪው፤ ተምረሻል አይደል?" ይመጣል።

የተማርኩት ገና አንድ መንፈቅ ዓመት አልሞላም። ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምረው ኮርስ ጭራሽ አልተጀመረም። ግን አክስቴ በዚያ ሁሉ ተስፋ ስታየኝ "አላውቅም" ማለት ከበደኝ። ቅንድቤን ሰብሰብ አድርጌ የኮምፒውተሩን ጀርባ ዳሰስኩ። ይሞቃል።

"ምን ይላል?" አለችኝ።

"ደክሞታል።"

አክስቴ፣ ደንበኞቿ እትዬ አበሩ የሚሏት፣ መቱ ውስጥ ወደ ፍርድ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላት። ባለጉዳይ ቆሞ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ኮምፒውተሩ ኦል ኢን ዋን የሚሉት ዓይነት ነው፤ ስክሪኑም ሆዱም አንድ አካል። አክስቴ ታበራውና ዳቦ ልትገዛ ትሄዳለች። ዳቦው ተበልቶ ያልቃል፣ እሱ ገና "እንኳን ደህና መጡ" ለማለት ያስባል። ማራገቢያው ዳገት እንደያዘ ባጃጅ ያጓራል። ፊደል ብትመቱ ፊደሉ የሚመጣው እናንተ ከረሳችሁት በኋላ ነው።

ማዶ አዲስ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ደንበኛ መሻገር ሲጀምር፣ አክስቴ የኮምፒውተር ባለሙያ ጠራች። እሱም አዲስ ኮምፒውተር አመጣና "ሞክሩት። ካስቀራችሁት አሮጌውን እወስዳለሁ፤ ፈታትቼ ለመለዋወጫ አደርገዋለሁ። ዓርብ መጥቼ መልስ እሰማለሁ" አለ።

"እንግዲህ ወስኚ" አለችኝ አክስቴ።

እኔም እንደ ሐኪም ጀርባውን እንደገና ዳሰስኩና "ይቀየር" አልኩ። አሮጌው ጨርቅ ለብሶ ጥግ ተቀመጠ።

በአዲሱ የመጀመሪያው ባለጉዳይ ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፣ ከሁሩሙ የመጡ የቡና ገበሬ። የጎረቤታቸው የኦቦ ገመቹ በሬ የቡና ችግኛቸውን ረግጦባቸዋል። ተናገሩ፤ ጻፍኩ። ትንፋሻቸውን ሳይመልሱ ወረቀቱ ወጣ።

"አለቀ?" አሉ ደንግጠው።

"አዎ ኦቦ፣ አለቀ።"

"ገና እኮ ልሳደብ ነበር።"

"እሱም ይጨመር?"

"አይ... ከተሳደብኩ በኋላ ነው የምተወው።" ወረቀቱን አገላበጡት። "አሁንማ ተጻፈ። የተጻፈ ወረቀት ይጣላል እንዴ?" ብለው ወደ ፍርድ ቤቱ ሄዱ።

ሌላውም እንደዚያው። ሰው ተቆጥቶ ይመጣል፣ እንደተቆጣ ይወጣል። አክስቴ ገበያው ደርቶላት ፊቷ በራ። እኔም በራሴ ኮራሁ።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሽኩር መጡ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ የሰፈሩ ሽማግሌም ናቸው።

"ልጄ፣ ይህን ዕቃ ያመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ?"

ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ተሽኮረመምኩ። "አዎ ጋሼ።"

"ሱቄን ከከፈትኩ ሰነበትኩ። የከሰሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ደርሶ 'መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩ' እየተባለ እኔ ላይ ይመለሳል። ተቀምጬ ወገቤ አለቀ።"

"ታዲያ ድሮስ ያስታርቁ አልነበር?" አለች አክስቴ።

"ድሮ ግማሹን የሚያስታርቀው እሱ ነበር" አሉ ጨርቅ ወደለበሰው እያመለከቱ። "እሱ እስኪያስብ ሰውየው ይቀመጣል። ሲቀመጥ ይርበዋል። ሲርበው ቤቱ ትዝ ይለዋል። አሁን ግን ንዴቱን ትኩሱን ታትማላችሁ። እባክሽ አበሩ፣ አታስወስጂው።"

"ማዶ ያለውስ ጋሼ? በአሮጌው ብቻ ብሠራ ደንበኛዬን ይጨርሰዋል እኮ።"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱንም ማስደሰት ፈለግኩ፤ ችግሬ ሁልጊዜ ይኸው ነው። "እስከ ነገ ሁለቱም ይሥሩ" አልኩ። "የሥራ ማመልከቻ በአዲሱ፣ ክስ በአሮጌው።"

ዓርብ ጠዋት፣ ባለሙያው ከመድረሱ በፊት፣ ጽሕፈት ቤቱ ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው የበሬው ባለቤት ኦቦ ገመቹ አሉ። ጋሼ ሽኩር ማታ አስታርቀዋቸዋል።

"ማል ታኤ፣ ምን ሆናችሁ?" አልኳቸው።

"ለታረቅንበት ውል ማጻፊያ ብለን አንድ ሰዓት ሙሉ ደጃፍሽ ቆምን" አሉ ኦቦ ገመቹ። "'ውሉም የክስ ጉዳይ ነውና አሮጌው እስኪነሣ ጠብቁ' ብለውን እትዬ አበሩ። አሁን ውሉን ትተነዋል። እሱን ልንከሰው ነው።"

"ማንን?"

"ኮምፒውተሩን። ለእትዬ አበሩ ብለሽ ጻፊ። ጉዳዩ፦ ኮምፒውተሩ እንዲቀየር ስለመጠየቅ።"

እጄን ወደ አዲሱ ስዘረጋ አክስቴ "ክስ ነው" አለች ኮስተር ብላ። "ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። በአሮጌው።"

ተቀመጡ። "ለእትዬ" የሚለው ወጣና ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ። ኦቦ ቶሎሳ ስድባቸውን በቃል አወረዱ፤ አንዱም ፊደል አልወጣም። ኦቦ ገመቹ ስለ በሬው አነሡ። ኦቦ ቶሎሳ ችግኙ ሊያገግም እንደሚችል ተናገሩ። "አበሩ" ሲወጣ ስለ ዝናቡ እያወሩ ነበር። ከዚያ ኦቦ ገመቹ ተነሥተው ስክሪኑን በመዳፋቸው ነኩት።

"ይሞቃል እኮ። ያመዋል እንዴ?"

"ተዪው ልጄ" አሉ ኦቦ ቶሎሳ። "አርጅቶ ነው። እኛስ ብንሆን ከተቀመጥንበት ስንነሣ ስንቴ ነው የምናቃስተው?"

ክሱን ትተው፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ወጡ።

ባለሙያው መፍቻውን ይዞ ሲገባ ማራገቢያው ገና ያጓራል። አክስቴ "አዲሱን እገዛለሁ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "አሮጌውስ? ወስኚ እንጂ፣ ይሂድ?"

"ከሳሾቹ እንኳ ይቅር ብለውታል" አልኩ። "እኔ ልፍረድበት?"