አምስት ሳንቲም የማይተው ሰው

ሰው ረትቶ ቢያርፍ ምን አለበት? የደሴው ሐላዋ ሠሪ ጋሽ ሰይድ ግን አያርፉም። በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ የሐላዋቸውን የቅመም ምስጢር ሰርቆ ኮምቦልቻ ሱቅ የከፈተውን የቀድሞ ሠራተኛቸውን ከሰሱት። ምስጢሩ እንዳይወጣ ጉዳዩ በዝግ ችሎት ታየና ረቱ። ከዚያ «ወጪና ኪሳራዬን ይተካልኝ» ብለው ሰው በሞላበት ችሎት ዝርዝራቸውን ያነቡ ጀመር። የጠበቃውን አነበቡ፣ የሚኒባሱን አነበቡ። ቀጥለው በዝግ ችሎቱ ለዳኛው ሠርተው ላሳዩት ሐላዋ የገዙትን ቅመም ከነሚዛኑ መዘርዘር ያዙ። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የጣፋጭ ነጋዴዎች እስክሪብቶ አወጡ።

ዳኛው ደንገጥ ብለው፣ «አቶ ሰይድ፣ ይህችን ቢተዋት አይሻልም?» አሏቸው።

«ወላሂ፣ አምስት ሳንቲም አልተውም» አሉና እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ሁሉም ተፈረደላቸው። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉኝ በኩራት፤ «አንዲት የቀረችብኝ ነገር የለችም።»