አድሚኗ ለሽምግልና ተላከች

ዝም የሚል ሰው አዋቂ ይመስላል። እኔ ዝም የምለው ሰው ስለምፈራ ነው። መጽሐፍ የምወደውም መልስ ስለማይጠብቅብኝ ነው። በስደት የምንኖርበት የፌርፋክስ ሰፈር ሰዎች ግን «ይቺ ልጅ ረጋ ያለች ናት» ብለው የፌስቡክ ግሩፓችን አድሚን አደረጉኝ። ደስ አለኝ። ሰው ሳያዩ ሰው ማስተዳደር፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከየት ይገኛል?

አድሚን ፖስት ያሳልፋል፣ ተሳዳቢ ያስወጣል። እኔ የማውቀው ይህን ነበር። የእኛ ሰው ግን ፖስቱን ያሳለፈለትን እንደ ዋስ ይቆጥራል። አንዷ በግሩፑ በኩል ኮሪያታውን ሰፈር ውስጥ አብራት የምትኖር ልጅ አገኘች። ልጅቷ ታንኮራፋለች ብላ ለእኔ ደወለች። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ ስላት «አፕሩቭ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽ?» አለችኝ። ሌላው ከግሩፑ የገዛው መኪና ፍሪዌይ ላይ ቆመበት። ከሁሉ በፊት የደወለው ለማን ይመስላችኋል?

ይህስ ዕዳው ገብስ ነበር። አንድ ቀን ሳሙኤል የሚባል፣ ፓርኪንግ የሚሠራ የግሩፑ አባል መጣ። ሕይወት ከምትባል ልጅ ጋር ይዋደዳሉ። አባቷ ግን ሽማግሌ ካልተላከ ልጄን አልሰጥም ብለዋል፤ እሷም አባቷን አስቀይማ አታገባም። ሳሙኤል እዚህ ዘመድ የለውም። ያገኘው ሽማግሌ ታክሲ የሚነዱትን ጋሼ ታደሰን ብቻ ነው። «ሁለተኛዋ አንቺ ሁኚልኝ» አለኝ። ሴት ነኝ፣ ልጅ ነኝ፣ ሰው እፈራለሁ ስለው «አድሚን ነሻ» አለ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ የባሰበት ደግሞ አድሚን ሽማግሌ አድርጎ ይልካል።

ካልቨር ሲቲ፣ ሕይወት አባት ቤት ሄድን። በሩ ሲከፈት ወደ ጋሼ ታደሰ ጀርባ ተጠጋሁ። አባትየው ለካ ጋሼ በላይነህ ናቸው፤ በቅርቡ ከግሩፑ ብሎክ ያደረግኋቸው ሰው። ማንም ምንም ቢለጥፍ ሥር ሥሩ እየተከተሉ ይቆጡ ነበር። ክፍል የምትፈልገዋን ልጅ «አባትሽ ያውቃል?» የልደት ኬክ የለጠፈውን «በጾም?»

ጋሼ ታደሰ እንደ ወጉ ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ጋሼ በላይነህ እሳቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጁን በምን ታውቂዋለሽ?»

ስለ ዘሩ፣ ስለ ጠባዩ ማውራት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «እስካሁን ብሎክ አድርጌው አላውቅም» የሚል ሆነ።

ጋሼ ታደሰ አንገታቸውን ደፉ።

«እኔን ግን አድርገሻል።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ስለዚህ ከእኔ ይሻላል ማለት ነው።»

እሳቸው ቀጠሉ። ሥራ ካቆሙ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወሩት ግሩፑ ላይ ብቻ ነበር። መክሬ እንጂ ተሳድቤ አላውቅም አሉ። በመጨረሻም «ልጄን እሰጣለሁ። አንቺም እኔን መልሺኝ» አሉ።

እስቲ ፍረዱኝ። የወጣ አይመለስም የሚለውን የግሩፑን ሕግ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ግን ሁለት ሰው በእኔ ሕግ ምክንያት ሳይጋባ ይቅር? እንደ ቆምኩ ስልኬን አወጣሁና ብሎኩን አነሣሁ። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አረጋገጡና «በሉ ተቀመጡ» አሉ። ጋሼ ታደሰ መረቁ። እንግዲህ ጥሎሽ ማለት ይህ ነው።

ሳሙኤል ቀለበት ያሰረ ዕለት የተነሣውን ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈ። እኔም አሳለፍኩት። የመጀመሪያው ኮሜንት የጋሼ በላይነህ ነበር፤ «ሱሪውን ከማን ተዋስከው?» ግሩፑ በሙሉ ሳቀ። ቀጠሉ። ስለ ፀጉሩ፣ ስለ አቋቋሙ፣ ስለ ፓርኪንግ ሥራው። ሳሙኤል ጥቂት ቀን ቻለና ኢንቦክስ መጣ።

«እህቴ፣ የአባላት ደኅንነት ያንቺ ኃላፊነት አይደለም? አማቴን ብሎክ አድርጊልኝ።»

«ኦኬ» ብዬ ጻፍኩለት፤ «አንተ ግን መጀመሪያ ሕይወትን ለአባቷ ትመልሳለህ።»

አንብቦታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአማቱን ኮሜንት ሁሉ ላይክ ያደርጋል።