በጋሽ መርዕድ ግድግዳ ላይ ያለችው ሴትዮ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጽጌ ናት። እኔ አልፈጠርኩትም፤ እንዳለ ተቀብዬ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጌበት አሳለፍኩት እንጂ። ጽጌ በየሽማግሌው ቤት እየዞረች የምትረዳ፣ ሆም ኬር የምትሠራ ልጅ ናት። ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የምታስነሳው ሞተሩን ሳይሆን ስልኩን ነው። የምትደውለውም ለእኔ። ሰው በየሙያው ነው፤ አንዱ ታክስ ይሠራል፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ ማን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ዓይኔ አልቆመም።

ደግሞ አትፍረዱብኝ። ኦክላንድ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን እየኖርን፣ የጎረቤቱን መሞት ከሽታው የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ወሬኛ ባለበት ፎቅ ግን ማንም ሦስት ቀን ሞቶ አይቆይም። እስቲ የቱ ይሻላል?

ጋሽ መርዕድ ከእኔ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ኮሌጅ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። ዘመድ ከተባለ ሳን ሆዜ ያለ አንድ የእህታቸው ልጅ ብቻ፤ እሱም ለገና ካርድ ይልካል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው "እንደምን ዋልሽ እመቤት" ይሉኛል። እመቤት! ዕድሜ ልኬን ዳውንታውን የሰው ቢሮ ስጠርግ ኖሬ እመቤት ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እና አንድ ቀን ጽጌ ደወለች። "ስሚኝማ እትዬ፤ የጋሼ ሳሎን በሙሉ የአንዲት ፈረንጅ ሥዕል ነው። አምስት! ጉንጯ ሙሉ፣ ፊቷ እንደ ወተት፣ አንገቷ ላይ ዳንቴል። አንዱ ላይማ ውሻ ታቅፋለች።"

"ሚስታቸው ነበረች እንዴ?"

"እኔ እንጃ። ብቻ ሲያዩዋት ዓይናቸው ይንከራተታል።"

የቀረውን እኔ ሠራሁት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባል የለ? ሳምንት ሳይሞላ ሰፈራችን ቴሜስካል ያለች ሴት ሁሉ፣ ጋሽ መርዕድ በወጣትነታቸው የሀብታም ልጅ አግብተው፣ ቤተሰቦቿ እንደለያዩዋቸውና ይኸው እሷን እያሰቡ እንደሚኖሩ አወቀች። ከንፈር ተመጠጠላቸው። ሄዶ የጠየቃቸው ግን የለም። ከንፈር ለመምጠጥ ደረጃ መውጣት አያስፈልግማ።

አንድ ቅዳሜ ጽጌ እየተርበተበተች ደወለች። ሥዕሎቹ በሙሉ ከግድግዳ ወርደዋል። ጋሼ ጥቁር ሹራብ ለብሰው፣ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ፣ እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ምን ሆኑ አላልሻቸውም?"

"ምን ብዬ እትዬ? ሐዘንተኛ ይጠየቃል?"

እውነቷን ነው። ለቅሶ ቤት "ማን ሞተ?" እየተባለ አይገባም። ነጠላ ዘቅዝቆ፣ አንገት ደፍቶ መግባት ነው፤ የሞተውን ማወቅ የባለቤቱ ፈንታ ነው። ወዲያው ለእድራችን ሰብሳቢ ለታዬ ኮል አደረግሁ። የሚታጠፉትን ወንበሮች በቫን ጭኖ መጣ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምስሩንና ሽሮውን ይዘን፣ አሥራ ስምንት ሰው ሆነን፣ ደረጃውን እያለቀስን ወጣን። ከፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ጋሽ መርዕድ በሩን ከፍተው ቆሙ። አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ገለል ብለው አሳለፉንና ጥግ ያለችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እግዜር ያጥናዎት አልን። አሜን አሉ። ሰኞ ደግሞ ከሺፍት የወጣ ሁሉ መጣ፤ ግማሹ መሬት ተቀመጠ። ካርታ ወጣ፣ ሳቅም ተሰማ፤ ለቅሶ ቤት መቼም እንዲህ ነው። ጋሼ ምስሩን ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ሐዘንተኛ ሲያስጨምር አይቼ አላውቅም፤ ግን ዝም አልኩ። እኔ ዝም ያልኩበት ቀን ተጽፎ ይያዝልኝ።

ማክሰኞ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ታዬ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ለፍትሐቱ ለቄሱ ስም መስጠት አለብን። የሟችን የክርስትና ስም ቢነግሩን?"

ጋሼ ተነሥተው ትልቁን ሥዕል ከመኝታ ቤት አወጡና ጉልበታቸው ላይ አቆሙት።

"ማንም አልሞተብኝም" አሉ። "ዓይኔ የሚያነባው ጽጌ በማትመጣበት ቀን ሞራ ተገፎልኝ ነው። ሥዕሎቹን ያወረድኩት ሳን ሆዜ የአረጋውያን ቤት ልገባ ስለሆነ ነው፤ ክፍሉ ከአንድ በላይ አይይዝም። ይሄም ሴት አይደለም። ጣሊያናዊ ዘፋኝ ነው። ከሞተ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አልፏል።"

ካርታ የሚጫወተው ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ።

በልጅነቱ ድምፁ እንዳይጎረምስ ብለው ሰለቡት አሉን። ሲዘፍን ነገሥታት አለቀሱ፤ ሠዓሊዎች መልኩን ተሻሙበት። ልጅ አልወለደ። ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያም በዘመኑ አልነበረ። "ያ ሁሉ ዓለም ያበደለትን ድምፅ የሰማ ዛሬ አንድ ሰው የለም። የቀረው መልኩ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ስለ እሱ አስተማርኩ፤ አንድ ቀን አልሰማሁትም።"

"እንደ ጃንደረባው በሉኛ!" አሉ እማማ ብርቄ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት። "እሱስ ቢሆን ሠረገላው ላይ ሰው ወጥቶ አጠገቡ ተቀምጦለታል።"

ታዬ ግን ፊቱ ጠቆረ። "ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ለምን ዝም አሉን? እድር መቀለጃ ነው ጋሼ?"

"እሑድ እያለቀሳችሁ ስትገቡ የሞትኩት እኔ መሰለኝ" አሉ ጋሼ። "ቀጥሎ የእህቴን ልጅ መርዶ የያዛችሁ መስሎኝ ስሙን እስክትጠሩ ጠበቅሁ። ስትሄዱ ደወልኩለት፤ ደህና ነው። ሰኞ ልነግራችሁ ነበር።" ሥዕሉን በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። "ግን በዚህ ቤት ወንበር ሲጎድል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሰኞ ነው።"

ሰው አንድ ሁለት እያለ ተነሣ። ድስቱ ተሰበሰበ። የሳቀም የተቆጣም አለ፤ ሴትዮዋን ማን እንደፈጠራት ስለሚታወቅ ግን የወጣ ሁሉ እኔን ገላመጠኝ። ወንበር ሳጥፍ ቀረሁ። የመጨረሻዋን ላጥፍ ስል፣

"እመቤት፣ እሷን ተያት" አሉኝ። "ተቀመጪባት።"

ተቀመጥኩ። አምስቱንም ሥዕሎች እያነሡ ነገሩኝ፣ ውሻው ሳይቀር። ስምንት ዓመት ከእግራቸው ሥር ኖሬ ቤታቸው የተቀመጥኩት ወሬዬ ሐሰት ሲሆን ነው።

ጽጌ አሁን ዳሊ ሲቲ ነው የምትሠራው፤ መደወሏን አልተወችም። ታዬ ለእድሩ አዲስ ደንብ አስጻፈ፤ ወንበር ከመጫኑ በፊት የሟች ስም ይጠየቃል። እማማ ብርቄ ጉልበታቸው ታሞ ደረጃ አይወጡም። ጋሽ መርዕድ ሳን ሆዜ በገቡ በሰባተኛው ወር ዐረፉ። የዚህኛው ስም ተጠይቆ ተረጋግጧል። ለቅሶው ላይ የሚቆም ፎቶ ቢፈለግ አንድም አልተገኘላቸውም። ቀኑ የሥራ ቀን ነበር፣ መንገዱም ትራፊክ። አሥራ ስምንት ወንበር ይዘን ሄደን ስድስቱ በቃን።

ጋሼ ሲሄዱ የሰጡኝ፣ ውሻ የታቀፈበት ሥዕል እኔ ሳሎን ተሰቅሏል። ጎረቤቶቼ ፈረንጅ አማት ነበረቻት ይላሉ። ለማየት ብለው ስለሚመጡ አላረምኳቸውም።