ዘጠኝ፣ አስራ ስድስት እና ጋሽ ታፈሰ

እስቲ እውነቱን እንነጋገር፦ ሐበሻ ከእውነት ይልቅ እርቅ ይወዳል! አትቆጡ... እናንተም ቤት ያለ ነው። ሁለት ሰዎች «ዝናብ ነው»፣ «ፀሐይ ነው» ተባብለው ቢጣሉ መስኮት ከፍቶ ውጭውን የሚያይ አይገኝም። ሽማግሌ ይጠራና «በቃ፣ ደመና ይሁን» ተብሎ ይታረቃሉ። እኔ ቤት የሆነው ግን ከዚህም ይብሳል።

ባሌ በላይ እዚህ አትላንታ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ይነዳል። ወንድሜ ሄኖክ ደግሞ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ኢንጂነሪንግ ተምሮ፣ ዶራቪል አፓርትመንት ይዞ የሚኖር ጎረምሳ ነው። ሁለቱ በሩቅ ተኩስ አብደዋል። ጥይቷ ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ ጠመንጃ በጋራ ገዝተው፣ እሁድ እሁድ ከከተማ ወጣ ይሉና በደረታቸው ተኝተው፣ እኔ ፈልጌ እንኳ የማላየውን የብረት ሳህን ሲተኩሱበት ይውላሉ። ሳህኑ ሲመታ «ቂል» ይላል። ለዚያች «ቂል» ነው እንግዲህ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሳር ላይ የሚለጠፉት! ከዚያ ተቃቅፈው፣ አቧራቸውን ይዘው እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ። እኔም አልከፋም። አትላንታ ውስጥ ያለኝ የእናቴ ልጅ ሄኖክ ብቻ ነው፤ እሱና ባሌ አብረው ሲስቁ ስሰማ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ለፀደዩ የተኩስ ውድድር አዲስ አፈሙዝ እናሠራ አሉ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው።

አፈሙዙ ውስጥ የተጠማዘዘ ቦይ አለ... የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ። ጥይቱ በዚያ ቦይ እየተሽከረከረ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በደንብ ካልተሽከረከረ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። አጭርና ቀላል ጥይት ረጋ ያለ ዙር ይበቃዋል፣ ረጅምና ከባዱ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት። እንግዲህ ክርክሩ «ጥይቱ አንድ ዙር ለመዞር ስንት ኢንች ይሂድ?» የሚል ነው። በላይ አጭሩን ጥይት ስለሚወድ አስራ ስድስት አለ። ሄኖክ ረጅሙን ስለሚወድ ዘጠኝ አለ።

«ኤቭሪባዲ የሚተኩሰው በአስራ ስድስት ነው!» አለ በላይ።

«ኖ፣ ላይክ፣ ረጅሙ ጥይት በሱ ስቴብል አይሆንም። ሪሰርች አድርጌያለሁ።»

«ሪሰርች! አንተ ትምህርት ቤት ሆነህ እኔ ሻትል እነዳ ነበር።»

«ባት በላይ፣ ሻትል እኮ አይሽከረከርም!»

«በበረዶው ጊዜ ተሽከርክሯል!»

ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ተኮራረፉ። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ለወንድምሽ ንገሪው»፣ «ለባልሽ ንገሪው» ሲሉኝ፣ እኔ መሃል ቆሜ የስልክ ማዞሪያ ሆንኩ። ቀጥሎ ሄኖክ እሁድ መምጣቱን ተወ። መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ኋላ ግን ለሦስት ሰው ያቀረብኩትን ምግብ ለሁለት ስመልስ አለቀስኩ። እውነቴን ነው! በጥይት አዟዟር ወንድሜን ላጣው? ጠመንጃ ሠሪውም ቁጥሩን ቶሎ ካልነገራችሁኝ ለውድድሩ አይደርስም ብሏል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ሽማግሌ ጠራሁ።

አቮንዴል እስቴትስ፣ ልጃቸው ቤት የሚኖሩ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ሰው አሉን። እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያልሸመገሉት ማኅበር የለም። ጠመንጃ ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? እኛ ግን በቀጥታ ወደ መጠምጠሙ ገባን!

ጋሽ ታፈሰ ሁለቱንም አዳመጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ ዘጠኝ ትላለህ። አንተ ደግሞ አስራ ስድስት። ሁለታችሁም የሰው ልጆች ናችሁ፤ መሃል ግቡ። አስራ ሁለት ይሁን።»

ሄኖክ ብድግ አለ። «ጋሽ ታፈሰ፣ አንተ... ሶሪ፣ እርስዎ፣ ባት ፊዚክሱ አይፈቅድም።»

«ፊዚክስ ያልከው የማን ወገን ነው? ቅሬታ ካለው ይጠራና ይናገር።»

«ጥይቱስ?» አለ በላይ። «በማን ጥይት ልንተኩስ ነው?»

«ተራ በተራ። አንድ ያንተ፣ አንድ የሱ።»

«የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽርስ?» አለ ሄኖክ። «አጭሩና ረጅሙ እኮ ሩቅ ሲሄዱ እኩል አይወርዱም። በማንኛው እናስተካክለው?»

«በመሃል!»

እኔ እልል አልኩ። ተነስተው ተሳሳሙ... መሳሳም ከተባለ! ጉንጫቸው ሳይነካካ አየሩን ሳሙት። ያም ሆኖ ጠመንጃ ሠሪው አስራ ሁለቱን ሠራ።

የውድድሩ ቀን ጋሽ ታፈሰ ክራቫታቸውን አስረው መጡ። ከኋላ ወንበር ዘርግቼላቸው ተቀመጡ። በላይ ጠመንጃው ላይ ተኛ፣ ሄኖክ ጎኑ ሆኖ ጥይት ያቀብላል። አሁንም የሚነጋገሩት በኔ በኩል ነው። «ለባልሽ ንገሪው፣ ነፋሱ ከግራ ነው።» «ለወንድምሽ ንገሪው፣ አይቻለሁ።»

በላይ የራሱን አጭር ጥይት ተኮሰ። ዳኛው በትልቁ መነጽር አይቶ «ሃይ!» አለ፤ ከሳህኑ በላይ አልፏል። የሄኖክን ረጅም ተኮሰ። «ሎው!» አፈር ውስጥ ገባ። ሃይ! ሎው! ሃይ! ሎው! መስመሩ ላይ ያለው አሜሪካዊ ሁሉ አንገቱን እያስረዘመ ያየን ጀመር።

«መነጽሩን ትንሽ ነካ አድርጉት እንጂ!» አልኩ በሹክሹክታ።

ማን ይነካል? ወደ አጭሩ ቢጠጋ ለበላይ ማድላት፣ ወደ ረጅሙ ቢጠጋ ለሄኖክ ማድላት ነው። የሽማግሌ ቃል አፍራሽ መሆን ማንም አልፈለገም፤ ሽማግሌው ደግሞ እዚያው ከኋላ ተቀምጠዋል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ የኛዎቹ ግን በአንድ ጠመንጃ ሞከሩት።

ጋሽ ታፈሰ ደስታቸው ወሰን አጣ። «አየሽ ሚሚ? አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፤ እኩል! ማንም አልተበደለም። እንዲያውም መሃሉን ከወሰድሽው መትተዋል!»

የመጨረሻዋ ጥይት ቀረች። ሳህኑን ካገኘች ከመጨረሻነት ታወጣቸዋለች። ተራው የሄኖክ ጥይት ነው። በላይ እጁን ዘረጋ፤ ሄኖክ ግን ረጅሟን ጥይት ወደ ኪሱ መለሰና ከበላይ ሳጥን አንዷን አጭር አንስቶ ሰጠው።

«ያንተን አድርገው፣ በላይዬ። ሎው ያዘው ብቻ፣ ይመታል።»

በኔ በኩል አይደለም፤ በቀጥታ!

በላይ ከጠመንጃው ቀና አለ። ወንድሜን ትክ ብሎ አየው። «ተራው ያንተ ነው እኮ። ያንተን ስጠኝ።»

«ኖ፣ ሲሪየስሊ፣ ያንተን።»

«አይሆንም! ያንተ ትሂድ።»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልህ አልኩህ!»

«ሚሚ ትሙት!»

እኔ ምን አደረግኩ? ግን በኔ ሞት ይማማሉብኝ፣ ግድ የለም! ዓይኔ በእንባ ተሞላ። ሰዓቱ ይነጉዳል፣ እነሱ እጅ ለእጅ ተያይዘው አንዱ ጥይት ሲያጎርስ ሌላው ሲመልስ... ጋሽ ታፈሰ ከወንበራቸው ተነሱ። «ኧረ አንዳችሁ ተሸነፉ!» ማን ሊሰማቸው!

ፊሽካው ተነፋ። ጊዜው አለቀ። ጥይቷ ሳትተኮስ በሁለቱ መዳፍ መሃል ቀረች፣ የኛዎቹም ከሁሉም መጨረሻ ወጡ።

ዳኛው ግራ ገብቶት ወደ እኔ መጣ። «ምን ሆኑ? ጠመንጃው ተበላሸባቸው?»

«ኖ ሰር» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ፣ «ጠመንጃው ደህና ነው። ታርቀው ነው!»